ከፑንቲና ወደ ሲዲአይ፦ ባሕር ዳር ላይ የአንድ አሮጌ ሲጂ 125 የእሳት ሥራ

ሐምሌ 4

ሞተር ሳይክሉ ሆንዳ ሲጂ 125 ነው፤ ባለ ፑንቲናውና ባለ 6 ቮልቱ የድሮው ሥሪት። ፑንቲና እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱ የሚመጣበትን ቅጽበት የሚወስን የብረት መገናኛ ነው፤ ሲዲአይ ይህንኑ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ሳጥን ነው። ጠዋት በሁለተኛው ምት ይነሳል፣ ከተማ ውስጥም ደህና ይሄዳል። በዘጌ መንገድ ሃያ ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ ግን መንተፋተፍ ይጀምርና ቀጥ ይላል። ሩብ ሰዓት ጥላ ሥር ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነበረው ሆኖ ይነሳል። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሦስት ጊዜ፣ ለካንዴላው ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ኮይል አንድ ጊዜ ተቀይሮለታል፤ አልዳነም።

ከዛሬ ጀምሮ ሳይለካ ምንም ዕቃ አይገዛም። ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ብልሽት ደግሞ መለካት ያለበት ሲሞቅ ነው። ቀዝቅዞ የተለካው ሁሉ ደህና ነው ይላል፤ ኮይሉ በከንቱ የተቀየረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ነዳጁን ከጥርጣሬ ማውጣት ያስፈልጋል። ሞተሩ በቆመበት ቦታ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ አራት ነገር ተደረገ። የታንከሩ ክዳን ተከፈተ፤ አየር የመሳብ ድምፅ አልሰጠም፤ ስለዚህ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ አልተደፈነም። የካርቡራተሩ የታች ብሎን ላላ ተደረገ፤ ቤንዚን በደንብ ወረደ። የወረደው ቤንዚን በብርጭቆ ተቀምጦ ታየ፤ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ውኃ ካለበት ውኃው ከብርጭቆው ሥር ድብልብል ብሎ ይቀመጣል። የእኛው ንጹሕ ነው። በመጨረሻ ካንዴላው ወጣ፤ እርጥብ ነው። ነዳጅ ሲሊንደር ድረስ ደርሷል፣ ያቀጣጠለው ግን የለም። ካንዴላው ደረቅ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ካርቡራተሩ ላይ እንፈልግ ነበር።

ሐምሌ 5

የእሳት ፍተሻ። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ካንዴላውን ነቅሎ ሲሊንደር ሄዱ ላይ አስደግፎ ኪክ መምታት ነው፤ እሳት ከታየ “እሳት አለው” ይባላል። ይህ ያታልላል፣ እዚህ ከተማ ደግሞ ይበልጥ ያታልላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል እሳቱ በክፍት ቦታ በቀላሉ ይዘላል። ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ አየሩን አምቆ ሲይዘው የካንዴላውን የ0.7 ሚሜ ክፍተት ለመዝለል ብዙ እጥፍ ቮልት ያስፈልጋል። የደከመ ሲስተም ውጭ ላይ ያበራል፣ ውስጥ ይጠፋል።

ስለዚህ ጣውላ ላይ ሁለት ሚስማር በ7 ሚሜ ርቀት ተመታ፤ አንዱ ከካንዴላው ሽቦ፣ ሌላው ከማሳ (ከሞተሩ ብረት አካል) ጋር ተያያዘ። ጤነኛ ሲስተም በኪክ ይህን ክፍተት ሰማያዊና ጫጫታ ባለው እሳት ይዘለዋል። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ካንዴላው የወጣበትን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑትና ሚስማሮቹን አርቁ፤ በቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን ትነት ይቀጣጠላል። ሽቦውን ደግሞ እንዲሁ በአየር ላይ አንጠልጥላችሁ ኪክ አትምቱ፤ ቮልቱ መውጫ ሲያጣ የኮይሉን ውስጥ ይበሳል።

ቀዝቃዛ ሆኖ፦ 7 ሚሜ፣ ሰማያዊ። ሞተሩ ሞቆ በቆመበት ቅጽበት፦ 7 ሚሜ ጨርሶ የለም፤ 3 ሚሜ ላይ ቢጫ፣ ቀጭን፣ አልፎ አልፎ። ብልሽቱ ተያዘ። አሁን የት እንዳለ ማግኘት ነው የቀረው።

ሐምሌ 7

ከውጭ ወደ ውስጥ። የካንዴላው ቆብ 5.1 ኪሎ ኦም፤ ጤነኛ ነው። ሽቦው ከቆቡ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ቆቡ በአዲሱ ጫፍ ላይ ተጠመዘዘ። ኮይሉ ማሳውን የሚያገኘው በታሰረበት ብረት በኩል ነው። ኮይሉን የቀየረው ሰው ሻሲው ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው ያሰረው፣ ስለዚህ ከብሎኑ ክር በቀር የሚነካው ብረት የለም። ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፣ ተጨማሪ የማሳ ሽቦም ከሞተሩ ብሎን ተጎተተለት። በሐይቁ ዳር እርጥበት እንዲህ ያለ የማሳ ነጥብ በአንድ ክረምት ይበላሻል፤ ካጠበቃችሁት በኋላ ላዩን ግሪስ ቀቡት።

ካንዴላው ኤንጂኬ ዲ8ኢኤ ነው፤ ክሩ 12 ሚሜ፣ ርዝመቱ 19 ሚሜ። አፉ ጥቁርና ደረቅ ጥቀርሻ ይዟል። በዚህ ከፍታ ካርቡራተሩ ለባሕር ጠለል እንደተስተካከለ ከቀረ ድብልቁ ይወፍራል፣ ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ደግሞ ካንዴላው ራሱን የሚያጠራበት ሙቀት አያገኝም። በኤንጂኬ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ካንዴላው ይሞቃል፤ ከተማ ብቻ ለሚሄድ ዲ7ኢኤ ይሻላል። ይህኛው ጭነት ይዞ ረጅም መንገድ ስለሚወጣ 8 ቁጥሩ ላይ ይቆያል፣ ክፍተቱም 0.7 ሚሜ ሆነ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሙቀት ፍተሻው ተደገመ። 3 ሚሜ የነበረው 4 ሆነ። ሕመሙ ገና ውስጥ ነው።

ሐምሌ 9

የግራው ሽፋን ተከፈተ። ፑንቲናው በቮላኖው (ከክራንኩ ጋር በሚዞረው ባለ ማግኔት መንኮራኩር) መስኮት በኩል ይታያል። ክፍተቱ በፊለር ጌጅ (ስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) ሲለካ 0.35 ሚሜ፤ ከ0.3 እስከ 0.4 መሆን ስላለበት ትክክል ነው። ፊቶቹ ግን ብዙ ይናገራሉ፦ አንደኛው ላይ የስንዴ ቅንጣት ጫፍ የምታክል ጉብታ ወጥታለች፣ ፊት ለፊቷ ባለው ላይ ያንኑ የሚያህል ጉድጓድ አለ፣ ዙሪያው ሰማያዊና ግራጫ ሆኖ ተቃጥሏል። ብረት ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየተጓዘ ነው። ፑንቲና ሲከፈት የሚነሳውን ቅስት መዋጥ ያለበት ኮንዴንሰሩ ነው፤ ሳይውጠው ሲቀር ፊቶቹ እንዲህ ይቃጠላሉ፣ ለኮይሉ የሚሄደው ጉልበትም እዚያው ፑንቲናው ላይ ያልቃል።

ፊቶቹን በጥሩ ሞረድ አስተካክለን በቤንዚን ጠረግናቸው። ከተሞረደ በኋላ ክፍተቱ ስለሚሰፋ እንደገና ወደ 0.35 ተመለሰ። ካሙን (ፑንቲናውን እየገፋ የሚከፍተውን ጉብታ) የሚያለሰልሰው የሱፍ ጨርቅ ሁለት ጠብታ ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ከበዛ ተረጭቶ ፑንቲናውን ያጨቀየዋል።

የመክፈቻውን ቅጽበት በተራ የሙከራ አምፑል ለመያዝ የሚሞክሩ አሉ፤ እሳቱን ከባትሪ ሳይሆን ከሚዞር ማግኔት በሚያገኝ በዚህ ዓይነት ማግኔቶ ግን አይሠራም። የስታተሩ (ከቮላኖው ሥር ሳይዞር የተቀመጠው ክፍል) የሽቦ ጥቅል ከፑንቲናው ጋር ጎን ለጎን ማሳ ላይ ስለታሰረ ፑንቲናው ቢከፈትም አምፑሉ አይጠፋም። ከአምፑሉ ይልቅ የሲጋራ ወረቀት ይሻላል፤ በፊቶቹ መካከል አስገብቶ ቀስ አድርጎ እየሳቡ ቮላኖውን በእጅ ማዞር ነው። ወረቀቱ በተለቀቀበት ቅጽበት የኤፍ ምልክት (ቮላኖው ላይ እሳቱ የሚመጣበትን ቦታ የሚያሳየው) ከጠቋሚው ጋር መገጠም አለበት። ገጥሟል።

ሐምሌ 11

ኮንዴንሰሩ ተነቀለ። ቀዝቅዞ 0.24 ማይክሮ ፋራድ፤ እንከን የለውም። በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ሁለቱ የቴስተር (የመልቲሜትር) ሽቦዎች ወደ ውጭ ወጥተው፣ የፈላ ውኃ ውስጥ ገባ። እዚህ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። በአራተኛው ደቂቃ ንባቡ መዋዠቅ ጀመረ፦ 0.24፣ 0.19፣ 0.31፣ ከዚያ ምንም። ቴስተሩን ወደ ኦም ስንቀይረው 40 ኪሎ ኦም አካባቢ ያነባል፤ ጤነኛ ኮንዴንሰር ሲሞላ ማለቂያ የሌለው ኦም ላይ መቀመጥ ነበረበት። ከውኃው ወጥቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ ወደ 0.24 ተመለሰ። በዘጌ መንገድ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ይኸው ነው።

ልብ በሉ፣ ቴስተር ኮንዴንሰሩን የሚፈትነው በጥቂት ቮልት ነው። ሥራ ላይ ሲሆን ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር ሁለት ሦስት መቶ ቮልት ይመታዋል። በቴስተር የወደቀ ኮንዴንሰር በእርግጥ ወድቋል፤ በቴስተር ያለፈ ግን ላያልፍ ይችላል።

ሐምሌ 12

ከቮላኖው ኋላ፣ ዘይትና ሙቀት ውስጥ፣ ሌላ ኮንዴንሰር መልሶ መቅበር አላስፈለገም። ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ 0.22 ማይክሮ ፋራድ፣ 630 ቮልት የፊልም ካፓሲተር (የኮንዴንሰር ሌላ ስሙ ነው) ተገዛ። የቮልቱ ልክ ከ630 አይነስ፤ የ250ው ርካሽ ነው፣ ግን አይቆይም። አንዱ እግሩ ከፑንቲናው ሽቦ፣ ሌላው ከኮይሉ ማሳ ጋር በሊድ ተበየደ፣ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ተሸፈነ፣ ከታንከሩ ሥር ነፋስ በሚያገኝበት ታሰረ። እግሮቹ በንዝረት ስለሚበጠሱ አካሉን በፕላስቲክ ማሰሪያ ያዙት፣ ሽቦው አይሸከመው።

በጢስ ዓባይ መንገድ 50 ደቂቃ ያለ ዕረፍት ተነዳ። አልቆመም። ወዲያው ሲለካ 7 ሚሜ፣ ሰማያዊ። ፑንቲና ላለው ለማንኛውም አሮጌ ሞተር መጀመሪያ የምንመክረው ይህንን ነው፤ ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይድናሉ፣ ሲዲአይም አያስፈልጋቸውም።

ሐምሌ 20

ከ310 ኪሎ ሜትር በኋላ ክፍተቱ 0.24 ሚሜ ሆኗል። በመካከል ተገዝቶ የገባው ፑንቲና ኮፒ ነው፤ ካሙ ላይ የሚሄደው ተረከዙ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፣ ቶሎ ይበላል። ተረከዙ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል፣ እሳቱ ይዘገያል፤ ሞተሩ ይሞቃል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ኦሪጅናሉን ፈልገን አላገኘንም። በየሦስት መቶ ኪሎ ሜትሩ ሽፋን መክፈት ሥራ ለሚውል ሞተር አይሆንም። ወደ ሲዲአይ የምንሄድበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው።

ሐምሌ 24

በከተማው የሚሸጡት ብዙዎቹ የቻይና 125 ሞተሮች የሲጂ ዘር ስለሆኑ ስታተራቸው፣ ቮላኗቸውና ሲዲአያቸው በየመለዋወጫ ሱቁ ይገኛል። የተገዛው፦ ባለ 12 ቮልት ስታተር ከነቮላኖው፣ ፒክአፕ (የቮላኖውን ጉብታ እየተከታተለ ለሲዲአዩ ምልክት የሚሰጥ)፣ ባለ አምስት እግር ኤሲ ሲዲአይ፣ ኮይል፣ ባለ አራት ሽቦ ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚገድብ)፣ 12 ቮልት 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ፣ ፍላሸር፣ ጥሩንባና አምፑሎች በሙሉ። ስታተርና ቮላኖ ከአንድ ካርቶን ይውጡ፤ የማግኔቶቹ ብዛትና የጥቅሎቹ ብዛት መጣጣም አለባቸው።

ሲዲአዩን ስትገዙ ኤሲ መሆኑን ጠይቁ። ኤሲው ጉልበቱን በቀጥታ ከስታተሩ ጥቅል ይወስዳል፣ ባትሪ ቢሞትም ይነሳል። ዲሲው ከባትሪ ነው የሚመገበው። በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ኤሲውን ከባትሪ ያገናኘ ሰው ሳጥኑን ያቃጥለዋል።

ሱቁ ውስጥ ሳንከፍል የተለካው፦ ከጥቁርና ቀይ ሽቦው እስከ ማሳ 420 ኦም፣ ፒክአፑ 118 ኦም። እነዚህ በ22 ዲግሪ የተወሰዱ ናቸው። ሞተሩ ሞቆ 80 ዲግሪ ሲደርስ 420ው ወደ 515 ይወጣል፤ መዳብ ሲሞቅ እንዲህ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ከዚያ በላይ ከዘለለ ወይም ከተቋረጠ ግን ጥቅሉ ተበጥሷል።

ሐምሌ 25 እና 26

ትልቁ ሥራ እዚህ ነበር። አሮጌው ቮላኖ በመዶሻ አይወጣም፤ ማግኔቱ ይሰነጠቃል፣ ክራንኩም ይጣመማል። በክሩ ልክ የሆነ ፑለር ያስፈልጋል፤ ክሩን በካሊፐር ለክታችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ።

አዲሱን ቮላኖ ከማሰር በፊት የክራንኩ ሾጣጣ ጫፍ በማርከር ተቀባና ቮላኖው ተጭኖ ሩብ ዙር ተወዛወዘ። ቀለሙ ዙሪያውን እኩል ከተፋቀ ገጥሟል ማለት ነው፤ በአንድ ጠርዝ ብቻ ከተፋቀ አታጥብቁት፣ ግማሽ ጨረቃ የምትመስለዋን ቁልፍ በልቶ ይዞራል። የእኛው ሦስት አራተኛው ተፋቀ፤ በጥሩ የቫልቭ መፍጫ ቅባት ያለ ቁልፏ ለጥቂት ጊዜ ሲፈጭ እኩል ሆነ። ቅባቱ በቤንዚን ታጥቦ ካልወጣ ግን መፍጨቱን ይቀጥላል።

የአሮጌው ሞተር አካል የፒክአፕ ማሰሪያ የለውም። ከ4 ሚሜ አሉሚኒየም ማሰሪያ ተሠራ። ብረት አይሁን፤ ማግኔቱን ወደ ራሱ ይስባል። የብሎን ቀዳዳዎቹ 8 ሚሜ ያህል ተሞርደው ሞላላ ሆኑ፣ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚመጣበት ቅጽበት) ፒክአፑን በማንሸራተት እንዲስተካከል። በፒክአፑና በቮላኖው ጉብታ መካከል 0.5 ሚሜ ተተወ፤ ክራንኩን ወደ ላይና ወደ ታች በእጅ ስንገፋውም አይነካም።

ሐምሌ 27

ሽቦ። ጥቁርና ቀይ ከስታተሩ ጥቅል፤ ሰማያዊና ነጭ ከፒክአፑ፤ ጥቁርና ቢጫ ወደ ኮይል፤ አረንጓዴ ማሳ፤ ጥቁርና ነጭ ማጥፊያ። ይህ የሆንዳ ቀለም ነው፣ ኮፒዎቹ ሁልጊዜ አይጠብቁትም፤ በኦም ሳታረጋግጡ ቀለም አትመኑ። አሮጌው የቁልፍ ማጥፊያ ሽቦውን ማሳ ላይ በመጣል የሚያጠፋ ስለሆነ ለኤሲ ሲዲአይም እንዳለ ይሠራል። 12 ቮልት የሚልክ ማጥፊያ ግን ሳጥኑን ይገድለዋል።

የመጀመሪያው ኪክ፦ እሳት የለም። ጥቁርና ነጩ ከሲዲአዩ ተነቀለ፤ እሳት መጣ። ስለዚህ ችግሩ ማጥፊያው መስመር ላይ ነው። ከመሪው ሥር ሽቦው ተልጦ ሻሲውን ይነካ ነበር። እሳት ለጠፋበት ሲዲአይ የመጀመሪያው ፍተሻ ይህ ይሁን፤ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ከዚያ በኪክ ሲለካ ጥቅሉ 62 ቮልት ኤሲ፣ ፒክአፑ 0.7 ቮልት ሰጠ። በዚህ ጊዜ የኮይሉን ቀጭን ሽቦ በእጅ አትንኩ፤ ሲዲአይ ከ200 ቮልት በላይ ነው የሚያራግፍበት።

ተነሳ፣ ግን በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) እየተኮሰ፣ ጉልበት የለውም።

ሐምሌ 28

ታይሚንግ። መጀመሪያ እውነተኛው የላይኛው ነጥብ (ፒስተኑ የሚደርስበት የመጨረሻ ከፍታ) መገኘት አለበት፤ የአዲሱ ቮላኖ ምልክት ለዚህ ክራንክ መሥራቱ አልተረጋገጠምና። ከአሮጌ ካንዴላ ነጩ ሸክላ ተሰብሮ ወጣ፣ በቦታው ጫፉ የተሞረደ ብሎን ገባ፤ ይህ የፒስተን ማቆሚያ ነው። ቮላኖው በእጅ፣ ቀስ ተብሎ፣ ፒስተኑ እስኪነካ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ፣ ምልክት ተደረገ፤ ወደ ሌላው ዞረ፣ ምልክት ተደረገ። የሁለቱ መካከል የላይኛው ነጥብ ነው። የቮላኖው ምልክት ከዚህ ጋር ገጠመ፤ ቁልፏ ትክክል ናት።

የቮላኖው ዲያሜትር 115 ሚሜ ስለሆነ ዙሪያው 361 ሚሜ ነው፤ ስለዚህ ጠርዙ ላይ 1 ሚሜ ማለት 1 ዲግሪ ነው። በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) ላይ በየእሳቱ ብልጭ የሚል የታይሚንግ መብራት ሲበራበት የኤፍ ምልክት ጠቋሚውን 12 ሚሜ ያህል አልፎ ታየ። ቮላኖው ከግራ ሲታይ ከሰዓት ተቃራኒ ስለሚዞር ምልክቱ ካለፈ እሳቱ ዘግይቷል ማለት ነው፤ 12 ዲግሪ። የፒክአፑ ጉብታ ርዝመትም 12 ሚሜ ነው። አጋጣሚ አይደለም፤ የፒክአፑ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠዋል፣ ሲዲአዩ በጉብታው መጀመሪያ መተኮስ ሲገባው በመጨረሻው ነው የሚተኩሰው። ሁለቱ ሽቦዎች ተቀያየሩ። የኤፍ ምልክት ወደ ጠቋሚው መጣ፣ 1 ሚሜ ቀረው፤ ያቺን ማሰሪያውን በማንሸራተት ሞላናት። ነዳጅ ሲሰጠው ከጠቋሚው ፊት በኤፍ ምልክት ምትክ ሁለቱ መስመሮች (እሳቱ መቅደሙን የሚያሳዩት) መጡ፤ ሲዲአዩ በራሱ ያስቀድማል። ተኩሱ ቆመ።

ባትሪው ላይ በከፍተኛ ዙር 14.2 ቮልት ይነበባል። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ማሳ አላገኘም፤ አምፑል ሳይቃጠል ማየት ነው።

ነሐሴ 2

የጭነት ፍተሻ፣ የቤዛዊት ዳገት። ጋዝ ሙሉ ሲከፈት ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ይበዛል፣ እሳቱም የሚፈተነው ያኔ ነው፤ ሜዳ ላይ የማይታይ ድካም እዚህ ይወጣል። በሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለት ሰው ተጭኖ፣ ሳይንተፋተፍ ወጣ። አናቱ ላይ ሳይቀዘቅዝ ጠፍቶ በአንድ ምት ተነሳ። ጥቅሉ ወዲያው 505 ኦም።

ነሐሴ 6

ሌሊቱን ዘንቦ ሲያድር ሞተሩ ደጅ ነበር። ጠዋት በስድስተኛው ምት ተነሳ። ጨለማ ውስጥ ሲታይ ከካንዴላው ቆብ ወደ ሲሊንደሩ ሰማያዊ ጭላንጭል ይወርዳል፤ የቆቡ ጎማ ተሰንጥቋል። ቆቡ ተቀየረ፣ ባለ 5 ኪሎ ኦም። ሲዲአዩ ሶኬቱ ወደ ታች እንዲያይ ተገልብጦ ታሰረ፤ ወደ ላይ ካየ ውኃ ያጠራቅማል። ሶኬቶቹ ውስጥ የሲሊኮን ቅባት ገባ። ሶኬቱን በላስቲክ ጥርቅም አድርጎ መጠቅለል አያስፈልግም፤ ጤዛው ውስጡ ይቀራል።

ነሐሴ 14

ከአዲሱ ሥራ በኋላ 420 ኪሎ ሜትር። ታይሚንጉ አልተንቀሳቀሰም። የካንዴላው አፍ ቡናማ ሆኗል። የማሰሪያው አንድ ብሎን ሩብ ዙር ላልቶ ተገኘ፤ የክር ማጣበቂያ ተደርጎበት ጠበቀ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ እንደገና ይታያል። አሮጌው ቮላኖ፣ ስታተርና ፑንቲና ዘይት ተቀብተው በካርቶን ተቀምጠዋል።